እርማት፦ በኒቅያ ጉባኤ ቅዱስ አትናቴዎስ ዲያቆን ነበር

ውድ ወንድሞችና እኅቶች፣ ቅዱስ አትናቴዎስ በኒቅያ ጉባኤ የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት ሆኖ እንደተቀመጠ፣ አባ ሰላማ ፍሬምናጦስንም ከጉባኤው በፊት ሾሞ ወደ አክሱም እንደላከ ተደጋግሞ ሲጻፍ ይታያል። አባባሉ ቅዱሱን ከማክበር የመነጨ መሆኑ ባያጠራጥርም መታረም ይገባዋል። ጉባኤው በተደረገበት በ325 እ.ኤ.አ. በመንበሩ ላይ የነበረው ቅዱስ እለእስክንድሮስ ሲሆን፣ አትናቴዎስ እርሱን ተከትሎ የሄደ ወጣት ዲያቆን ነበር፤ የተሾመውም እለእስክንድሮስ ካረፈ በኋላ በ328 ነው። ማጣራት የሚፈልግ ሰው ቅዱሱ ፋሲካን ለማወጅ በየዓመቱ የጻፋቸውን መልእክታት ይመልከት፤ የመጀመሪያው የ329 ፋሲካን የሚያውጅ ሲሆን፣ ከመልእክታቱ ጋር የቆየው ጥንታዊ ማውጫም ሹመቱን በሰኔ ወር 328 ያደርገዋል።

ይህ ስሕተት የእኛንም ታሪክ ስለሚያዛባ በቸልታ የሚታለፍ አይመስለኝም፤ አባ ሰላማን የሾመው አትናቴዎስ እስከሆነ ድረስ ሹመቱ ከ328 ሊቀድም አይችልም። የሮም ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢዮስ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ እንዲመረመር ለኢዛናና ለሳይዛና የላከው ደብዳቤም ከኒቅያ 30 ዓመት ያህል ቆይቶ የተጻፈ ነው፤ አትናቴዎስ ራሱ ለቆስጠንጢዮስ ባቀረበው የመከላከያ ጽሑፍ ውስጥ ሙሉውን አስፍሮታልና አንብቦ ማመሳከር ይቻላል።