ግድግዳውን ያቀዘቀዘው እንጀራችን አይደለም

ለንደን ውስጥ ካውንስል ቤት፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር የሚያከራየው ቤት፣ የሚኖር ወዳጄ ሰሞኑን ከአከራዩ ደብዳቤ ደረሰው። የልጆቹ መኝታ ክፍል በሻጋታ ጠቁሯል። መልሳቸው አጭር ነው። ችግሩ ኮንደንሴሽን (የቤቱ እንፋሎት ግድግዳ ላይ ውሃ መሆኑ) ስለሆነ የምግብ አበሳሰልህንና የልብስ አደራረቅህን አስተካክል ይላል። ቤቱን ሊያይ የመጣው ሰው ባለቤቱ እንጀራ ስትጋግር ነበር የደረሰው። ምጣዱን አየና ፈረደ። ግድግዳውን በእጁ እንኳ አልነካም።

በጣም ነው የተናደድኩት።

እንፋሎት ውሃ የሚሆነው ቀዝቃዛ ነገር ሲያገኝ ነው። ሁለቱም መኖር አለባቸው፤ እንፋሎቱም፣ ቅዝቃዜውም። እንፋሎቱ የእኛ ነው፣ እሺ። ቀዝቃዛው ግድግዳ ግን የአከራዩ ነው። እነሱ ዘንድ ኮንደንሴሽን ማለት "ጥፋቱ ያንተ ነው" ማለት ሆኗል። ቃሏን ከጻፉ በኋላ ፋይሉ ይዘጋል።

እስቲ ቁጥሩን እንየው። 20 ዲግሪ የሞቀ አየር በአንድ ሜትር ኩብ 17 ግራም ገደማ እንፋሎት መያዝ ይችላል። 10 ዲግሪ ላይ የሚችለው 9 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ክፍሉ 20 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 60 በመቶ ቢሆን፣ ግድግዳው ከ12 ዲግሪ በታች ሲወርድ ያልበዋል። 60 በመቶ ደግሞ ሰው የሚተነፍስበት፣ የሚያበስልበት ተራ ቤት ነው። ያንኑ ቤተሰብ ከነምጣዱና ከነልብሱ በደንብ ኢንሱሌሽን (ሙቀት እንዳይወጣ የሚያግድ ሽፋን) የተሠራለት፣ አየር ማውጫው የሚሠራ ቤት አስገቡት። ግድግዳው ደርቆ ይከርማል። ደግሞስ ሻጋታው የት ነው የሚጀምረው? በውጭኛው ግድግዳ ጥግ፣ በመስኮት ዙሪያ፣ በቁም ሳጥን ጀርባ። ቅዝቃዜው ያለበት ቦታ ነው እንጂ ምጣዱ ያለበት አይደለም። የወዳጄ ኩሽና እኮ ንጹሕ ነው!

"መስኮት ክፈቱ" ይላሉ። በጃንዋሪ? የሂቲንጉን ቢል ማን ሊከፍል? ሙቀቱ በመስኮት ሲወጣ ግድግዳው ይብሱን ይቀዘቅዛል። ድስት መክደን ይጠቅማል፣ አልክድም። ግን ድስት ከድኖ ግድግዳ ያሞቀ ሰው የለም።

ይህ የዋዛ ክርክር አይደለም። በእንግሊዟ ሮችዴል ከተማ አዋብ ኢሻቅ የተባለ የ2 ዓመት ሕፃን በሻጋታ ምክንያት የሞተው በዲሴምበር 2020 ነው። ወላጆቹ ከሱዳን የመጡ ናቸው። አባቱ አቤት ሲል ቀለም ቀባበት ተባለ። አከራዩ ስለ ቤተሰቡ ገላ አስተጣጠብ ሳይቀር የራሱን ግምት ይዞ ነበር። የእኛ ምጣድ ላይ የተፈረደው በዚያው ዓይን ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ተብሏል። የ2023ቱ የመንግሥት መመሪያ ተከራይን በሻጋታ አትውቀሱ ይላል። በልጁ ስም የተጠራው ሕግም ከኦክቶበር 27 ቀን 2025 ጀምሮ እየሠራ ነው። ካውንስሎችና ቤት የሚያከራዩ የቤቶች ማኅበራት ከባድ እርጥበትና ሻጋታ ሲነገራቸው በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ መመርመር አለባቸው። አደጋ መኖሩ ከታወቀ ደግሞ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ቤቱን ከአደጋ ነፃ ማድረግ ግዴታቸው ነው። ምጣድ አይቶ መሄድ ምርመራ አይባልም።

ወዳጄን ደብዳቤውን እንዳይቀበል ነግሬዋለሁ። ተመልሰው ይምጡ። የግድግዳውን ሙቀት ይለኩ። ኢንሱሌሽን ይኑረው አይኑረው፣ የመታጠቢያ ቤቱ አየር ማውጫ ይሥራ አይሥራ በጽሑፍ ይንገሩት። አንሠራም ካሉ አቤቱታው የተከራዮችን ቅሬታ ወደሚመረምረው ቤቶች ኦምቡድስማን ይሄዳል።