ያለቀ ቅጽ ለምን ይታሰራል?

ባለፈው ሳምንት በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ለሚኖሩ ወገኖቻችን በኢንተርኔት በቀጥታ በተላለፈ ምክር ላይ አንድ የታክስ ባለሙያ፣ ከኤክስቴንሽን (የታክስ ቅጽ ማስገቢያ ጊዜ ማራዘሚያ) ጋር የሚከፈለውን ገንዘብ ለኤፕሪል 15 ቀጠሮ ያስያዘ ሰው ገንዘቡ ከባንክ እስኪወጣ ድረስ ቅጹን እንዳያስገባ፣ ካስገባ ግን የአሜሪካው የታክስ መሥሪያ ቤት አይ አር ኤስ «አልከፈለም» ብሎ እንደሚቀጣው ሲናገሩ ሰማሁ። አድማጮች ተሽቀዳድመው አመሰገኗቸው። እኔ ማመስገን አልቻልኩም።

የመክፈያው ቀነ ገደብ ኤፕሪል 15 ከሆነ፣ ገና ያልደረሰ ቀን በምን ሒሳብ ያስቀጣል? በማርች ቅጹን አስገብቶ ገንዘቡን በመጨረሻዋ ዕለት የሚከፍል ሰው አንዲት ሳንቲም አይቀጣም። ከኤክስቴንሽን ጋር የተከፈለ ገንዘብ የሚሞላበት መስመርም ከቅጹ ጋር በሚያያዘው ስኬጁል 3 ላይ አለ፤ ለጌጥ የተቀመጠ አይመስለኝም። በእርግጥ ያን መስመር ባዶ ትቶ ዕዳው በሙሉ ከባንክ እንዲወሰድ በሶፍትዌሩ ያዘዘ ሰው ገንዘቡ ሁለት ጊዜ ሊወጣበት ይችላል። የዚህ መድኃኒቱ ግን መስመሩን መሙላት፣ ወይም በአይ አር ኤስ የኢንተርኔት መክፈያ በዳይሬክት ፔይ የተያዘውን ክፍያ ከቀጠሮው ቢያንስ ሁለት የሥራ ቀናት ቀደም ብሎ መሰረዝ ነው እንጂ ያለቀ ቅጽ መሳቢያ ውስጥ መቆለፍ አይደለም።

ባለሙያው ያላነሱት ደግሞ ዋናውን ነገር ነው። ብዙ ሰው የማራዘሚያ መጠየቂያውን ቅጽ 4868ን ለብቻው አይልክም፤ በዳይሬክት ፔይ ሲከፍል ምክንያቱን «ኤክስቴንሽን» ብሎ ይመርጥና ማራዘሚያውን በዚያው ያገኛል። እንግዲህ የታክሲ ወይም የኡበር ሥራ የሚሠራ አንድ ወገናችን፣ 6,000 ዶላር ዕዳ ይዞ ምክሩን ተቀብሎ ሲጠብቅ፣ በቀጠሮው ዕለት የመኪና ኢንሹራንስና የቤት ኪራይ ቀድመው ሒሳቡን አራቁተውት ክፍያው ቢመለስስ? ማራዘሚያው የቆመው በዚያ ክፍያ ላይ ስለነበር እርሱም አብሮ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ክፍያ በማዘግየት የሚጣለው ቅጣት በወር ግማሽ ከመቶ፣ ማለትም 30 ዶላር ሲሆን፣ ቅጽ ባለማስገባት የሚጣለው ግን በወር 5 ከመቶ፣ ማለትም 300 ዶላር ነው። ቅጹን ቀድሞ ያስገባው ጎረቤቱ ተመሳሳይ ችግር ቢደርስበት የሚከፍለው ትንሹን ቅጣት፣ ወለዱንና ለተመለሰው ክፍያ የሚጠየቀውን 2 ከመቶ ብቻ ነው። ታዲያ «ጠብቁ» የተባለው ሰው ከምን ተጠበቀ? ከ30 ዶላር ሸሽቶ ወደ 300 ዶላር እንዲሄድ ተመከረ እንጂ! ደግሞም ማራዘሚያ ቢጸና እንኳ እስከ ኦክቶበር 15 የሚያራዝመው ቅጹን እንጂ ገንዘቡን አይደለም፤ ይህን በየዓመቱ መድገም የሚያሰለች ቢሆንም ሰሚ እስኪገኝ መድገም ግድ ነው።

ቅጹን የሚጠብቀው አይ አር ኤስ ብቻ አለመሆኑም ተዘንግቷል። ባለቤቱን ወይም እናቱን ከአዲስ አበባ ለማምጣት የገንዘብ ዋስትናውን ቅጽ አይ 864ን የሚሞላ ሰው የቅርቡን ዓመት ታክስ ማያያዝ አለበት፤ ቤት ለመግዛት ባንክ የሚሄድም እንዲሁ ይጠየቃል። ለእነዚህ ሰዎች የአንድ ወር መዘግየት ቀላል ነገር አይደለም።

የሚስተካከል 1099 (የገቢ ማስረጃ ቅጽ) የሚጠብቅ ወይም ሰነዱ የጎደለበት ሰው ማራዘሚያ ቢጠይቅ የሚነቅፈው የለም። ሥራው ያለቀለትን ሰው ማቆየት ግን፣ እንደ እኔ ግምት፣ የሚመቸው በመጨረሻው ሳምንት ደንበኛ ለሚጨናነቅበት ታክስ ሠሪ እንጂ ለከፋዩ አይደለም። ባለሙያው በሚቀጥለው ፕሮግራማቸው ይህን የሚያዝዘው ደንብ የትኛው እንደሆነ ቁጥሩን ጠቅሰው ያንብቡልን።