ቆሞ ቀር? መቼ ቆሜ!

ቅዳሜ ጠዋት ገና አንድ ዓይኔን ሳልገልጥ ስልኬ ጮኸ። ጓደኛዬ ናት። ባለትዳር፣ የአንዲት ልጅ እናት። እንዴት አደርሽ የለ፣ ምን የለ። «የኔ ቆንጆ፣ የልጄን ኬክ ከኬክ ቤት ታመጪልኛለሽ? እኛ በጣም ተወጥረናል። አንቺ እንደሆንሽ ነፃ ነሽ።»

አንቺ እንደሆንሽ ነፃ ነሽ።

ስልኩን ዘግቼ ጣሪያ ጣሪያውን ሳይ ቆየሁ። የነፃዋ ሴት ቅዳሜ እንዲህ ነበር የተያዘው። ጠዋት ልብስ ማጠብ። ረፋድ ላይ ቤት የሚቀይር የሥራ ባልደረባዬን ዕቃ ማሸከም (እሱም ነፃ መሆኔን ሰምቷል)። ከሰዓት ዴት። ከዴቱ በቀጥታ ይኸው ልደት። ማታ ሥራ የለቀቀች ልጅ ሽኝት። በልብሱና በዕቃው መሃል ሃያ ደቂቃ ነበረችኝ። እሷን ለቁርስ አስቤያት ነበር። ለኬኩ ሰጠኋት። «እሺ» የማለት በሽታ አለብኝ።

እስቲ ሂሳቡን እንሥራ። ባለትዳሮቹ ሁለት ናቸው። ቧንቧ ሲፈነዳ አንዱ ባልዲ ይይዛል፣ አንዱ ሠራተኛ ይጠራል። እኔ ቤት ሲፈነዳ ባልዲ ያዧም እኔ፣ ደዋይዋም እኔ፣ የምትጮኸውም እኔ። ታዲያ በየትኛው ሂሳብ ነው ነፃዋ እኔ የሆንኩት? እነሱ ሶፋ ላይ ተጋድመው ቴሌቪዥን ሲያዩ «የቤተሰብ ጊዜ» ነው፤ ማንም ደፍሮ አይደውልም። እኔ ስጋደም ሥራ ፈትቼ ነው። ሶፋው ያው ሶፋ ነው። መጋደሙም ያው መጋደም ነው። በቀልድ ልጽፈው ነበር የተነሣሁት፣ ግን ይኼ ነገር እውነቴን ያናድደኛል።

ከ«ነፃ» የሚብስ ደግሞ አለ። ቆሞ ቀር። ይህን ቃል ያወጣው ሰው በሕይወት ካለ አንድ ሳምንት አብሮኝ እንዲውል እጋብዘዋለሁ። ጫማ ግን አይቶ ያድርግ። ወንዱን ወንደላጤ ይሉታል። ወንደላጤ ሲባል ያልተነጠፈ አልጋና ያልታጠበ ሰሃን ይታየንና ፈገግ እንላለን። እኔ ጋ ሲደርስ ቆሞ ቀር። አውቶቡስ እንዳመለጣት ሴት። አውቶቡስ ያመለጠው ሰው እኮ ቢያንስ ፌርማታው ላይ ቆሟል! እኔ ከአንዱ ወርጄ ሌላው ላይ እየተንጠለጠልኩ ነው። መቼ ነው የቆምኩት?

በጣም የምወደው ተረት አለ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የምወደው ለሁሉም ጥያቄ መልስ ስለሚሆን ነው። «ለምን ቶሎ አታገቢም?» ሲሉኝ የፊቱን ግማሽ እመልሳለሁ። «ከዚያኛው ጋር ለምን ቶሎ ተለያያችሁ?» ሲሉኝ የኋላውን። አንድ ተረት፣ ሁለት አገልግሎት። ባለፈው ዓመት ግን ቃል በቃል ደረሰብኝ። ቀጠሮ ሊያልፍብኝ ሆኖ ደረጃ እየወረድኩ የታጠቅኩት ቀበቶ፣ ካፌው በር ላይ ተፈቶ እግሬ ሥር ዱብ አለ። የሚጠብቀኝ ሰው መጀመሪያ የተዋወቀው ከቀበቶዬ ጋር ነው። አንስቶ ሰጠኝ፣ ጨዋ ሰው ነበር። ግንኙነታችንም ከቀበቶው ብዙ አልቆየም።

ስለ ቆሞ መቅረት ከተነሣ ሂሳበኞቹም ተጨንቀውበታል። እ.ኤ.አ. በ1962 ዴቪድ ጌልና ሎይድ ሻፕሌይ አንድ አጭር ጽሑፍ አሳተሙ። እኩል ቁጥር ያላቸው ወንዶችና ሴቶች አሉ እንበል። ሁሉም ሌላውን ወገን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በምርጫ ይደረድራል። ሁለት ሰዎች «የደረሱንን ትተን እኛ ብንያያዝ ይሻለናል» ብለው የማይኮበልሉበት አጣማመር ይገኛል? ይገኛል አሉ። አንዱ ወገን ከመጀመሪያ ምርጫው ጀምሮ ይጠይቅ። ሌላው ከጠየቁት መሃል የተሻለውን «ቆይ እስቲ» ብሎ ይያዝና የቀረውን ይመልስ። የተመለሰው ወደሚቀጥለው ይሂድ። «ቆይ እስቲ» የተባለውም የተሻለ ሲመጣ ይሸኛል። እንዲህ እያለ መጨረሻ ላይ ጥንድ የሌለው ሰው አይኖርም።

ውጤቱን ግን ልብ በሉልኝ። ከእነዚህ ከማያስኮበልሉ አጣማመሮች ውስጥ ጠያቂው ወገን ሊደርሰው ከሚችለው ምርጡ ይደርሰዋል። ተቀምጦ የሚጠየቀው ወገን ደግሞ ሊደርሰው ከሚችለው የመጨረሻው። «ሴት ልጅ ትጠየቃለች እንጂ አትጠይቅም» እያሉ ላሳደጉኝ ሁሉ ይህንን አንቀጽ በፍሬም አድርጌ ብልክ ደስ ይለኛል። (ፍሬም ስል አንድ ቂም ትዝ አለኝ፤ እደርስበታለሁ።) ሻፕሌይ እ.ኤ.አ. በ2012 ከአልቪን ሮት ጋር የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸለመ። በዚያው ዓመት ቲንደር የሚባለው የፍቅር ጓደኛ መፈለጊያ መተግበሪያ ሥራ ጀመረ። አንደኛው ሽልማቱን ወሰደ፣ እኛ አውራ ጣታችን አለቀ።

ይህን ካነበብኩ ወዲህ ቀድሜ የምጽፈው እኔ ነኝ። «ሰላም፣ ውሻህ ደስ ሲል።» ሂሳቡ አንድ ነገር አላሰበበትም። እዚያ የተጠየቀ ሰው ወይ ይይዛል ወይ ይመልሳል። አንብቦ ዝም የሚል የለም። ዋትሳፕ በኖቬምበር 2014 የተነበበ መልእክት ላይ ምልክቶቹን ሰማያዊ ማድረግ ሲጀምር፣ «ምናልባት አላየው ይሆናል» የምትባለዋ ምስኪን ተስፋ ሞተች። ብዙም ሳይቆይ ሰማያዊዋን የሚያጠፉበት መንገድ መጣ። እኔ የምጽፍላቸው ወንዶች ግን አያጠፏትም። ማንበባቸው እንዲታወቅላቸው ይፈልጋሉ።

ወደ ኬኩ። ኬኩን ይዤ ነው ዴት የሄድኩት፣ ምን ላድርግ? ትልቅ ነጭ ካርቶን ነው፣ ክዳኑ ላይ እንደ መስኮት የሚያሳይ ፕላስቲክ አለው። አጠገቤ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። ሰውዬው «አምስት ደቂቃ፣ እየደረስኩ ነው» ካለ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ደረሰ። ተቀመጠ። በመስኮቱ አጮለቀ። ሮዝ ክሬሙ ላይ በነጭ «እንኳን ለ3ኛ ዓመትሽ አደረሰሽ» ይላል።

«ልጅ አለሽ እንዴ?»

«የለኝም። የጓደኛዬ ልጅ ናት።»

«አሃ። የጓደኛሽ።»

ሰው ሐኪም ቤት ሄዶ «የሚያሳክከው እንኳን ጓደኛዬን ነው» ሲል ሐኪሙ ራሱን እንዴት እንደሚነቀንቅ ታውቃላችሁ አይደል? ልክ እንደዚያ ነቀነቀ። ከዚያ በኋላ የሥራ ቃለ መጠይቅ ሆነ። ደግሞ «እስካሁን ለምን አላገባሽም?» አለኝ። እሱ ራሱ አላገባም እኮ! የእሱ «እስካሁን» የት ሄዶ ነው የእኔ ብቻ የተቆጠረው? ልመልስለት ስል ዓይኑ ካርቶኑ ላይ ነው። የልጅቷን ዕድሜ ከእኔ ዕድሜ ላይ እየቀነሰ ይመስለኛል። ቡናውን ጨለጠና «በቃ እንደዋወላለን» ብሎ ተነሣ።

እንደዋወላለን። እስቲ ግሱን እዩልኝ። «እደውላለሁ» ቢል ደዋዩ ይታወቃል። «ደውዪልኝ» ቢል ዕዳው የእኔ ነው። «እንደዋወላለን» ግን ሁለቱንም ደዋይ አድርጎ ማንንም አያስደውልም። በዚህ ግስ ከተሰነባበትኳቸው ሰዎች ጋር እውነት ብንደዋወል ኖሮ ኔትወርክ ለሌላ ሰው አይደርስም ነበር።

አሁን ቂሙ። ይህች ባለኬክ ጓደኛዬ ያገባችው እኔ ያስተዋወቅኳትን ሰው ነው። በሠርጓ ቀን ፎቶ አንሺው «ጥንዶች ወደ መሃል! ብቻችሁን የሆናችሁ ወደ ዳር ወደ ዳር!» አለ። ሄድኩ፣ ዳር ቆምኩ። (በሕይወቴ የቆምኩት ያን ቀን ነው መሰለኝ።) ፎቶው ፍሬም ሲገባ ፍሬሙ ጠበበ። የተረፈው ክርኔ ነው። ይኸው አምስት ዓመት ሳሎናቸው ውስጥ ተሰቅሏል። እዚያ ቤት በገባሁ ቁጥር ከክርኔ ጋር እንተያያለን። አንድ ቀን እንግዳ መጥቶ «ይሄ ደግሞ የማን እጅ ነው?» ሲል፣ ባልየው ዓይኑን አጥብቦ አይቶ «እንጃ» አለ። እንጃ!

ኬኩ ደረሰ። አንድ ጥጉ ትንሽ ተጨፍልቋል፣ የካፌው ወንበር ጥፋት ነው። መንገድ ላይ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ስለ ቧንቧው፣ ስለ ሶፋው፣ ነፃ ስለሚባለው ነገር። ጉሮሮዬን ስጠርግ ልጅቷ ሮጣ መጥታ ጉልበቴን አቀፈችና ንግግሩ ጠፋብኝ። ወዲያው ሁሉም ኬኩን ከበቡ። አያት፣ አጎት፣ ጎረቤት፣ ባል። ጓደኛዬ ስልኳን ዘረጋችልኝ።

«እስቲ አንቺ አንሺን፣ እጅሽ ነፃ ነው።»

ሦስት አነሣሁ። በሦስቱም ላይ የጓደኛዬ ክርን ብቻ ነው የወጣው።