ይግባኝ በሌለበት ጠበቃ መጠየቅ

የተቃዋሚው ግንቦት 7 ዋና ጸሐፊ የነበሩት አቶ አንዳርጋቸው ጽጌ ሰኔ 16 ቀን 2006 ዓ.ም. ከዱባይ ወደ ኤርትራ ሲያልፉ የመን፣ ሰንዓ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተይዘው ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ለኢትዮጵያ ተላልፈው ተሰጡ። የብሪታንያ ዜጋ ነበሩ። ለንደን ግን በይፋ ስትወተውት የኖረችው ይፈቱ ብላ አይደለም፤ ቆንስላ ይጎብኛቸው፣ ጠበቃ ያግኙ፣ የሞት ፍርዱ አይፈጸም ነበር የምትለው።

እኔ ይህን ከመጀመሪያው የተሳተ ጥያቄ እለዋለሁ። በ2002 ዓ.ም. በሌሉበት ሞት ተፈርዶባቸዋል። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በሌለበት የተፈረደበት ሰው ፍርዱ እንዲነሳለት ማመልከት የሚችለው ፍርዱን ባወቀ በ30 ቀን ውስጥ ነው፤ ያውም መጥሪያ አልደረሰኝም ወይም ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ገጠመኝ ብሎ ማስረዳት አለበት። የብሪታንያ አምባሳደር መጀመሪያ ያገኟቸው ነሐሴ 5 ቀን ነው፣ በ49ኛው ቀን። ፍርዱን ያወቁት በተያዙበት ዕለት ነው ብንል እንኳ (ቀድመው እንደሚያውቁት ግልጽ ነው) ቀኑ አልፏል። የ1963ቱ (እ.ኤ.አ.) የቪየና የቆንስላ ስምምነት አንቀጽ 36 እስረኛው ከጠየቀ ቆንስላው ሳይዘገይ እንዲያውቅ ያዛል። መዘግየቱ ምን እንደሚያስከፍል እዚህ ላይ ይታያል።

በግንቦት 2008 መጨረሻ የወቅቱ የብሪታንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ፊሊፕ ሃሞንድ አዲስ አበባ መጥተው ጠበቃ እንደሚፈቀድላቸው ሲያስታውቁ እንደ ድል ተቆጠረ። ጠበቃው ገብቶ ምን ያደርጋል? የሚከራከርበት መዝገብ የለውም። ከዚያ በፊት በ2007 የተባበሩት መንግሥታት የዘፈቀደ እስራት የሥራ ቡድን ሰውየው ሊፈቱ እንደሚገባ ተናግሮ ነበር፤ ለንደን ያንን ይዛ ይፈቱ ማለት ትችል ነበር። የቀረው በር ይቅርታ ብቻ ነበር፤ እሱም የተከፈተው አዲስ አበባ ላይ ፖለቲካው ሲገለበጥ፣ ግንቦት 21 ቀን 2010 ነው። ለንደን አስፈታቻቸው የሚል ካለ አይመኑት።

ለእኛም ኤምባሲዎች ቁም ነገሩ ይኸው ነው። በዚያው ግንቦት ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ሳዑዲ ሄደው 1,000 ኢትዮጵያውያን እስረኞች እንዲፈቱ ተስማምተዋል። የመሪ ጉብኝት ግን ለሁሉም እስረኛ አይሠራም። በሰው ግድያ በቂሳስ (የሟች ወራሾች ገዳዩ በሞት እንዲቀጣ በሚጠይቁበት የሸሪዓ ቅጣት) የተፈረደበትን ንጉሡም አይምሩትም፤ መማር የሚችሉት የሟች ወራሾች ናቸው፣ በደም ካሳም ይሁን ያለ ካሳ። እዚያ ላይ ለሚኒስቴሩ ደብዳቤ ከመጻፍ ሽማግሌ ፈልጎ የሟችን ቤተሰብ ማነጋገር ይቀድማል። ስለዚህ ቆንስላው በመጀመሪያው ጉብኝት መያዝ ያለበት የፍርዱን ግልባጭና የመዝገቡን ቁጥር ነው፤ ሰውየው በምን ዓይነት ፍርድ እንደታሰረ ሳይታወቅ ማንን መለመን እንዳለበት አይታወቅም። በኢቃማ (በመኖሪያ ፈቃድ) ጉዳይ ብቻ የታሰረውና ፓስፖርቱ አሠሪው ዘንድ የቀረበት ደግሞ ጠበቃም ምሕረትም አይደለም የሚያስፈልገው። የሚጠብቀው ሊሴ ፓሴ (በፓስፖርት ምትክ የሚሰጥ የጉዞ ሰነድ) ነው፣ እሱን የሚሰጠውም የራሱ ኤምባሲ ነው።