ቬቹን ለመሬቱ መልሱለት

ባለፈው ግንቦት ወረኢሉ ቤተሰብ ልጠይቅ ሄጄ አጎቴን ያችን የደከመች ማሳህን በሚቀጥለው በልግ ቬች፣ ያን ለከብት መኖ የሚሆነውን የባቄላ ዘመድ፣ ዝራባትና ሲያብብ እዛው እረሰው ስለው ደነገጠ። «የበቀለ ለምለም በማረሻ ልቅበር? ግፍ አይሆንም እንዴ?» አለኝ። የ77ቱን ድርቅ በልጅነቱ ያየ ሰው ነው፣ እንዲህ ቢል አልፈርድበትም።

ግን ግፉስ እኛ መሬቱ ላይ የምንሰራው ነው። እህሉን እንወስዳለን ገለባውን ከብት ይበላዋል እበቱን ኩበት ጠፍጥፈን እናነደዋለን፣ ከዛ ለመሬቱ የሚመለስለት አንድ ጆንያ ዩሪያ ነው፣ እሱም በጊዜው ከደረሰ። 50 ኪሎው ዩሪያ ውስጥ ናይትሮጅኑ 23 ኪሎ ነው። የምንተነፍሰው አየር ደሞ 78 በመቶው ናይትሮጅን ሆኖ ስንዴው ከአየር መውሰድ አይችልም፣ ቬችና ባቄላ ግን ሥሮቻቸው ላይ ባሉት ትንንሽ እብጠቶች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከአየሩ ወስደው ይሰሩላቸዋል። አንዱን ነቅላችሁ እብጠቷን ሰንጥቋት፣ ውስጧ ቀላ ካለ ስራ ላይ ናት።

ምስርና ሽምብራ እያፈራረቅን አይደል የሚል አለ። ጥሩ ነው፣ ግን አብዛኛው ናይትሮጅን ፍሬው ውስጥ ይገባል የቀረውንም ከነሥሩ ነቅለን አውድማ እንወስደዋለን። ቬቹ ሳያፈራ ይታረስ የምለው ለዚህ ነው።

ስራው አለው፣ አልዋሽም። የኛ ማረሻ አፈር ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጥም፣ ስለዚህ መጀመሪያ በማጭድ አጭዶ እዛው በትኖ ደጋግሞ ማረስ ነው፣ ከዛ ስንዴው ከመዘራቱ በፊት ሁለት ሶስት ሳምንት ይበስብስ። በልጉ ቶሎ ካቆመ አበባ መጠበቅ የለም፣ እርጥበቱን ጠጥቶ ይጨርሰዋል። ፎስፈረስ ደሞ ከአየር አይመጣም፣ እሱን ከሌላ ማምጣት ነው። ከሁሉ የከበደው ልቅ ግጦሹ ነው፣ ጎረቤት ካልተስማማ ቬቹ አንድ ሳምንት አያድርም።

አጎቴ ትንሽ ዝም ብሎ «በሬዎቼ ግንቦት ላይ አጥንታቸው ነው የሚቀረው፣ ግማሹን ለነሱ ባጭድስ?» አለኝ። እጨድ አልኩት፣ እበቱን ብቻ ኩበት አታድርገው ማሳው ላይ መልሰው። መጀመሪያ ግማሽ ጥማድ ሞክር፣ አጠገቡ ያለውን እንዳለ ተወውና መስከረም ላይ ሁለቱን ስንዴ ድንበሩ ላይ ቆመህ እያቸው።