ጆሮ ዳባ ልበስ ብላችሁ ለምትጫወቱ ሁሉ፣ አበጃችሁ!

ዛሬ የማመሰግናቸው ሰዎች አሉ። ሽልማት አልተሰጣቸውም፣ ሐውልት አልቆመላቸውም፣ ቴሌቪዥን ላይ ቀርበውም አልተጨበጨበላቸውም። ግን በየታክሲው፣ በየካፌው፣ በየቢሮው ጥግ አሉ። ስልካቸው ላይ አንዲት ትንሽ ጌም ይጭናሉ። ትልቅ ኩባንያ ያልሠራት፣ ሁለት ልጆች ከሥራ መልስ ማታ ማታ እያመሹ የጨረሷት ጌም። ትከፈታለች። «ጀምር» የሚለው ቁልፍ መሃል ላይ ብልጭ ድርግም ይላል። እነሱ ወደዚያ አይሄዱም። አውራ ጣታቸው ቀጥ ብሎ ወደ ላይኛው ጥግ ይወጣል፣ ወደዚያች ሚጢጢ የስፒከር ምልክት። ነካ። ስፒከሯ ላይ መስመር ተሰመረባት። ጨዋታው የሚጀመረው ከዚህ በኋላ ነው።

እንዴት ያለ ቅልጥፍና ነው እባካችሁ! ሙዚቃው ገና ጉሮሮውን ሳይጠርግ ፍርዱ አለቀ። ምስክር የለ፣ ቀጠሮ የለ፣ ይግባኝ የለ። ፍርድ ቤቶቻችን የዚህን አውራ ጣት ግማሽ ቢፈጥኑ የት በደረስን።

ሰንበት ብለው ደግሞ ያቺኑ ጌም ይገመግማሉ። ዝም ብለው ማለፍ ሲችሉ፣ ደግነታቸው! የሚጽፉት ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «ጌሙ አሪፍ ነው፣ ግን የሆነ ነገር ይጎድለዋል፣ ደረቅ ይላል።» ሦስት ኮከብ። የጎደለውን ነገር ማወቅ በእርግጥ ከባድ ነው። ግራፊክሱ ይሆን? ቀለሙ ይሆን? ሠሪዎቹም ይህን አንብበው ሌሊቱን ሙሉ የገጸ ባሕሪዋን ቀሚስ ቀለም ሲቀያይሩ ያድራሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ያሉት አባቶቻችን ስልክ ሳይኖራቸው ነው፣ ይገርማል።

ፍልስፍናም አላቸው። «የጌም ማጀቢያ ሙዚቃን ማን ይሰማዋል? ከጀርባ ያለ ነገር አይደል?» ይላሉ። በጣም ትክክል። ከጀርባ ያለ ነገር መቼም አያስፈልግም፣ ለምሳሌ አከርካሪ።

ይህ ጥበብ ያልገባቸው ሰዎች ግን ድሮም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1978 ታይቶ የሚባል የጃፓን ኩባንያ ስፔስ ኢንቬደርስን አወጣ። ሠሪው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ ነው። የጌሙ ሙዚቃ፣ ሙዚቃ ከተባለ፣ አራት ኖታ ነው። ወፍራም፣ ወደ ታች የሚወርዱ አራት ኖታዎች። ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣ ዱም። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። ግጥም የለው፣ አዝማች የለው። ግን ከላይ የሚወርዱት ጠላቶች እየተመቱ ባነሱ ቁጥር የቀሩት ይፈጥናሉ፣ አራቱ ኖታዎችም አብረዋቸው ይፈጥናሉ። ተጫዋቹ ምን እንደነካው ሳያውቅ ትከሻው ይገተራል፣ መዳፉን ያልበዋል፣ ሁለት ጠላት ብቻ ቀርቶም አንድ ክፍለ ጦር የመጣበት ይመስለዋል። ይህን ሁሉ የምታደርገው አራት ኖታ ናት። ምን ዓይነት የድካም ብክነት ነው? የእኛ ሰው አውራ ጣት ያኔ ቢኖር ኒሺካዶን በጊዜ ያሳርፈው ነበር።

የማሪዮ ጌምም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ኮጂ ኮንዶ ዜማውን ሠራለት፤ ወደ ታች የሚቆጥረው ሰዓት ከ100 በታች ሲወርድ ያው ዜማ በጥድፊያ መሮጥ ይጀምራል። ቁጥሩን ማየት አያስፈልግም፣ በጆሮ ይታወቃል። ሚውት ያደረገ፣ ድምፁን ያጠፋ ሰው ግን ከዚህ ሁሉ ጭንቀት ድኗል። በሰላም ሲዝናና ሰዓቱ አልቆበት ይሞታል።

ከእነዚህ የባሱም አሉ። ማይንክራፍት ዛሬ እንዲህ ገዝፎ ስታዩት፣ እ.ኤ.አ. በ2009 አንድ ስዊድናዊ ለብቻው የጀመራት ትንሽ ጌም ነበረች። ሙዚቃውን የሠራው ዳንኤል ሮዘንፌልድ የሚባል ጀርመናዊ ወጣት ነው፣ ሲ418 በሚለው የመድረክ ስሙ ይታወቃል። ሙዚቃው ሁልጊዜ እንኳን አይጫወትም። ድንጋይ እየፈለጥክ፣ ዋሻ እየቆፈርክ ደቂቃዎች በዝምታ ያልፋሉ፣ ከዚያ መቼ እንደመጣ ሳታውቅ ለስለስ ያለ ፒያኖ ብቅ ይላል፣ ትንሽ አብሮህ ይቆይና ይሄዳል። ያኔ ልጅ የነበሩ፣ ዛሬ ጢም ያወጡ ሰዎች ያንን ፒያኖ ሲሰሙ ዓይናቸው እንባ ያቀራል። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ያንን ፒያኖ የያዘውን አልበም ለትውልድ በሚጠበቁ የድምፅ ቅጂዎች መዝገብ ውስጥ አስገባው። የማሪዮንም ዜማ በ2023 አስገብቶታል። ሚውት ማድረጊያው የት እንዳለ የሚያሳያቸው ልጅ አላገኙም መሰለኝ።

ምስጋናውን ለተጫዋቾች ብቻ ከሰጠሁ ግን ግፍ ነው። በሠሪዎቹም በኩል ከእነሱ የማያንሱ ጀግኖች አሉ። ጌሙን ወራት ይለፉበታል። የዛፏ ቅጠል ስትወዛወዝ ተፈጥሯዊ እንድትመስል ሳምንት ይከራከራሉ። ሙዚቃስ? «እሱን መጨረሻ ላይ እናስገባለን።» መጨረሻው ጌሙ ሊለቀቅ ጠዋት የቀረው ሌሊት ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ «ነፃ የጌም ሙዚቃ» ተብሎ ይፈለጋል፣ መጀመሪያ የመጣው ይወርዳል። ማዳመጥ ለምን? ጊዜ የለም እኮ። ዩኩሌሌ የምትባል ትንሽ ጊታር ከፉጨት ጋር፣ ፏ ያለ ነገር። ጌሟ ስለ ምን ነበረች? እናቷ የሞተችባት ልጅ ጫካ ውስጥ መንገድ ስትፈልግ። በቃ ይፏጭላት፣ ትጽናናለች።

ከሁሉም የምወደው መገጣጠሚያውን ነው። ትራኩ 20 ሰከንድ ነው፣ ኤምፒ3 ነው። ኤምፒ3 ሲሠራ ጫፍና ጫፉ ላይ ትንሽ ባዶ ቦታ ይጨመርበታል። አንድ ዘፈን ከዳር እስከ ዳር ስትሰማ አይታወቅህም። አንዱን ነገር ደጋግመህ ስታዞረው ግን በየዙሩ ሽርፍራፊ ሰከንድ የምታህል ዝምታ ትገባለች። ፉጨት፣ ፉጨት፣ ፉጨት፣ እ… ፉጨት። የሚያፏጨውን ሰውዬ በየ20 ሰከንዱ እንቅፋት ይመታዋል። አንድ ሰዓት ለተጫወተ ሰው 180 እንቅፋት ማለት ነው። ፋይሉን ኦግ በሚባለው የድምፅ ፋይል ዓይነት አውጥቶ ጫፉን ማስተካከል ይህን ነገር ይፈታው ነበር፣ ከባድ ሥራም አይደለም። ግን ተጫዋቹ ያለ እንቅፋቱ በምን ይነቃል?

ታሪኩ ጎንደር ላይ ከሆነማ ነገሩ ይደምቃል። ፍለጋው ላይ «አፍሪካ» የሚል ቃል ይጨመራል። ከምዕራብ አፍሪካ የመጣ ጀምቤ ፋሲል ግንብ ሥር ይደለቃል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ ደጃችን ላይ ተቀምጠው እርስ በርስ ይተያያሉ። ክራር የሚመታ ልጅ እዚያው ሠፈር አለ። እሱን ማግኘት ግን ስልክ መደወል ይጠይቃል፣ ካርድ ይቆጥራል።

«ጊዜ አጥሮን ነው» ለሚሉት ደግሞ አንድ ነገር ልንገራቸው። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ሉደም ዴር የሚባል የጌም ሠሪዎች ውድድር ነበረ። ጥብቁ ክፍሉ በ48 ሰዓት ውስጥ፣ ብቻህን፣ ሁሉንም ነገር ራስህ ሠርተህ ጨርስ ይላል። ሁሉንም ሲል ሙዚቃውንም ነው፣ ለድምፅ ለብቻው ነጥብ ይሰጣል። ኤሪክ ባሮን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣውን ስታርዲው ቫሊ ኮዱንም፣ ሥዕሉንም፣ ሙዚቃውንም ለዓመታት ብቻውን ሲሠራ ከረመ። ቶቢ ፎክስ በ2015 አንደርቴልን ሲያወጣ ሙዚቃውን የሠራው ራሱ ነው። ጌሞቹ በሚሊዮን ተቸበቸቡ። ምን ዋጋ አለው፣ ሰዎቹ አንድ ፉጨት ማውረድ አቅቷቸው ነው እንዲህ የተንከራተቱት።

ሠሪው ራሱ ሚውት አድርጎ እንደሚሠራ ታውቃላችሁ? እውነቴን ነው። ያችኑ ትራክ ቀኑን ሙሉ ሲሰማ ራሱን ያመዋል፣ ስለዚህ መጀመሪያ የሚያጠፋው እሱ ነው። ብራውዘር ላይ የሚሠራ ጌም ሲሆን ይህ ነገር ያምራል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ክሮም ሰው አንድ ነገር ሳይነካ ገጹ በራሱ ድምፅ እንዲያወጣ አይፈቅድም። ሠሪው ይህን ካላሰበበት ሙዚቃው ከነጭራሹ ሳይነሳ ይቀራል። ሠሪው አይሰማም፣ አጥፍቶታላ። ተጫዋቹም አይሰማም፣ ሊያጠፋው ሲሄድ ጠፍቶ አገኘው። ወር ሙሉ ማንም ሳያውቅ ሁሉም ደስተኛ ሆኖ ይኖራል።

«ሙዚቃ ያላስገባነው ለዳታችሁ አዝነን ነው» የሚሉም አሉ። እግዜር ይስጥልን። በ128 ኪሎቢት የተሠራ የአንድ ደቂቃ ሙዚቃ አንድ ሜጋባይት ገደማ ነው። አንዴ ይወርዳል፣ ከዚያ ስልኩ ላይ ይቀመጣል። በሞትክ ቁጥር የሚመጣው የ30 ሰከንድ ቪዲዮ ማስታወቂያ ግን ዳታ አይበላም፣ በጸሎት ነው የሚመጣው።

እንዲያውም ግማሹ ሰው ሚውት የለመደው በዚሁ ማስታወቂያ ይመስለኛል። ሙዚቃ ጠልቶ አይደለም። ቢሮ ውስጥ ጠረጴዛ ሥር ደብቆ ሲጫወት አንዲት ሴትዮ በድንገት «አሁኑኑ ያውርዱ!» ብላ አለቃው ፊት ስለጮኸችበት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ድምፅ የሚባል ነገር አያስጠጋም። ሠሪው ሳንቲም ሊለቅም ብሎ ተጫዋቹን አስደነገጠው፣ ተጫዋቹ ደንግጦ ሙዚቃውን አጠፋው፣ ሠሪው ማን ሊሰማው ብሎ ፉጨት አወረደ፣ ተጫዋቹ አንድ ቀን ተሳስቶ ሲከፍተው ፉጨቱን ሰማና «ይኸው፣ ድሮም ብያለሁ» አለ። ይህን የመሰለ መግባባት በየትኛው ትዳር ውስጥ አለ?

በዚህ መሃል የሚያበሳጩኝ አስበው ዝም ያሉት ናቸው። አሞንግ አስ የሚባለውን ጌም እዩት። እ.ኤ.አ. በ2018 ጥቂት ሰዎች አወጡት፣ በ2020 ሰው ሁሉ ቤቱ ሲዘጋበት ዓለምን አዳረሰ። መርከቧ ውስጥ ስትዘዋወር ሙዚቃ የለም። የማሽን ጉምጉምታ አለ፣ የራስህ ኮቴ አለ። ከጎንህ የሚሄደው ጓደኛህ ይግደልህ ወይ ይሸኝህ አታውቅም፣ የሚነግርህም ዜማ የለም። ፍላፒ በርድም እንዲሁ ነው። ዶንግ ንጉየን የተባለ ቬትናማዊ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ጌም፣ ሙዚቃ የሚባል አልነካውም። የክንፍ ፍርፍርታ፣ ቱቦ ባለፍክ ቁጥር «ቲንግ»፣ ስትጋጭ «ጧ»። ሰው ያቺን አንዲት «ቲንግ» ፍለጋ እንቅልፍ ያጣ ነበር። እነዚህ ሰዎች የእኛ ወገን መስለው ገብተው ከዱን። የእነሱ ዝምታ ታስቦበታል። የእኛ ግን ምንም ያልታሰበበት፣ ንጹሕ ዝምታ ነው፣ ባይቀላቅሉብን ደስ ይለናል።

በነገራችን ላይ ከጓደኞቹ ጋር በድምፅ እያወራ የሚጫወት ሰው ሙዚቃውን ቢቀንስ አልፈርድበትም። ምክንያት አለው፣ ስለዚህ ከዚህ ምስጋና ውጪ ነው። ታክሲ ውስጥ ያለ ኤርፎን ድምፁን ለቆ የሚጫወተውን ደግሞ ሌላ ቀን ለብቻው አወድሰዋለሁ፣ እሱ በአንድ ጽሑፍ አያልቅም።

የቀረኝ የድርድሩ ጥበብ ነው። ኪቦርድ የሚጫወት ጓደኛ አለኝ። ጌም የሚሠሩ ልጆች ጠሩት። «አጭር ነገር ናት፣ ላንተ ምንም አይደለችም» አሉት። አጭሯ ነገር ስድስት ትራክ ሆና ተገኘች። ስለ ክፍያ ሲያነሳ ፊታቸው ተለዋወጠ፣ ሥዕል ለሠራው ልጅ እንኳን ከፍለው ነበር። «ሙዚቃ ነው እኮ ወንድሜ! ስምህን መጨረሻ ላይ እናስገባልሃለን፣ ትታወቃለህ።» ስሙ የሚታየው ጌሙን ለጨረሰ ሰው ነው። ጌሙን የጨረሰ ሰው እስካሁን አልተሰማም።

ቢሆንም ሠራላቸው። ልጅቷ ጫካው ውስጥ ወደ ወንዙ ስትቀርብ መሰንቆ ብቻውን ይጀምራል፣ ውሃው ሲታይ ዋሽንት ይገባል፣ ወደኋላ ከተመለሰች ዋሽንቱ ይሸሻል። መንገዱን በጆሮ ታገኘዋለህ። ጌሙ ሲወጣ ሙዚቃው ከመጀመሪያው ጠፍቶ ነው የሚከፈተው፣ የፈለገ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ያብራው። «ተጠቃሚው እንዳይረበሽ ብለን ነው» አሉት። አስተያየቶቹ ውስጥ በብዛት የተጻፈው ደግሞ «መንገዱ ይጠፋል፣ ቀስት ጨምሩበት» የሚል ነው። ቀስት ጨመሩበት።

ጓደኛዬ አሁን የሰርግ ቪዲዮ ማጀቢያ ይሠራል። ቀብድ ይሰጡታል፣ ቀሪውንም ሳይጨቃጨቁ ይከፍሉታል። ባለፈው አንዱ ቤት ቪዲዮው ሲታይ የሙሽራዋ አጎት ከሶፋው ተነስተው «ኧረ ድምፁን ጨምሩት እንጂ!» አሉ አሉ።