ደስታ በዱቤ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ ደውሎ ገንዘብ አበድረኝ አለኝ። ደመወዙ ከተቀነሰ ሦስተኛ ወሩ ነውና አንጀቴን በላው። "ምን ልታደርግበት ነው?" አልኩት። "ወንበር ልገዛ" አለኝ። "ጭንቀት የሚያስለቅቅ ወንበር አለ።"

እናንተም እንዲህ ያለ ወዳጅ ቢያንስ አንድ አይጠፋችሁም። ዛሬ እነሱን ላመስግን ነው የተነሳሁት። ኑሮ ሲወደድ፣ ሥራ ሲጠፋ፣ ኪስ ሲሳሳ አንገታቸውን የማይደፉ ጀግኖች ናቸው። እኔና መሰሎቼ ፈሪዎች ያለንን ስንቋጥር እነሱ የሌላቸውን ያወጣሉ። ኬንስ የሚባለው እንግሊዛዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ፣ እ.ኤ.አ. ከ1929ኙ የኢኮኖሚ ውድቀት በኋላ፣ ሁሉም ሰው በአንዴ ቆጣቢ ከሆነ ገበያው ይብሱን ይቀዘቅዛል ብሎ ነበር። ይህን የሰሙ ይመስለኛል። ኢኮኖሚውን ለብቻቸው ሊያነሱት ትከሻቸውን ሰጥተዋል።

ወዳጄ ነገሩን የጀመረው በሰዓት ነው። ሰዓት ለማየት አይደለም፤ እሱማ ስልኩም ላይ አለ። ይኼኛው የልብ ምት ይቆጥራል፣ እንቅልፍ ይመዝናል፣ ጭንቀት ይለካል። በስድስት ወር ክፍያ ወሰደው። ካርቶኑን ሲከፍት እኔ ቪዲዮ ቀራጭ ሆንኩ። ላስቲኩን ቀስ አድርጎ፣ ቁስል ላይ የተጣበቀ ፋሻ እንደሚያነሳ ሰው ላጠው። "እስኪ አሽትተው" አለኝ። አሸተትኩት። ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይሸታል።

አራት ቀን ደስ አለው። በአምስተኛው ቀን ሰዓቱ ነዘረው። "ጭንቀትህ ጨምሯል፤ ተንፍስ" ይላል። ተነፈሰ። ማታም ነዘረው፤ ተነፈሰ። የክፍያው ቀን ሲቃረብማ መንዘሩን አልተው አለ። እንቅልፉንም ለካለት፦ 4 ሰዓት ከ10 ደቂቃ። ድሮ እንቅልፍ እምቢ ሲለው እምቢ አለኝ ብሎ ይነሳ ነበር። አሁን ቁጥሩን ሲያስብ ያድራል። ስለዚህ ብርሃን የማያስገባ መጋረጃ ገዛ። መጋረጃው ሲሰቀል ግድግዳው አርጅቶ ታየው፤ ቀለም አስቀባ። ግድግዳው ሲያምር አልጋው አሳፈረው፤ አልጋ ለወጠ። አዲሱ አልጋ ላይ ጋደም ብሎ የአልጋውን ዕዳ ያሰላል። ሰዓቱ ይነዝራል። ተንፍስ።

(ዲድሮ የሚባል ፈረንሳዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1769 ስለዚሁ ጣጣ ጽፎ ነበር። አዲስ የቤት ካባ አገኘ። ከካባው ጋር አልሄድ ያለውን ዕቃ ሁሉ አንድ በአንድ ቀየረ። በመጨረሻ አሮጌው ካባው ናፈቀው፤ የድሮው ጌታ ነበርኩ፣ የአዲሱ ባሪያ ሆንኩ አለ። ምስኪን፣ ተንፍስ የሚለው እንኳ አልነበረውም።)

ከአልጋው በኋላ ትራስ መጣ። የትራሱን ዝርዝር እተወዋለሁ። ራሱ ሙቀቱን ያስተካክላል፣ ከሰዓቱ ጋርም ይነጋገራል ብቻ ልበላችሁ። ሁለቱ ሲነጋገሩ ወዳጄ ነቅቶ ያዳምጣል።

እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመ የአሜሪካ ጥናት 22 የሎተሪ ባለዕድሎችን ከሌሎች ሰዎች ጋር አነጻጽሮ ነበር። ደስታቸው ይህን ያህል የሚበልጥ ሆኖ አልተገኘም። እንዲያውም በትንንሹ የዕለት ነገር መደሰት ቀንሶባቸዋል። ግን እነሱ ገንዘቡ ነበራቸው። የኛ ጀግኖች በሌላቸው ገንዘብ ስለሚገዙ ጥናቱ አይመለከታቸውም።

አሁን ቀልዱን አንዴ ላቁመው። ወዳጄ ላይ መሳቅ ቀላል ነው። ደመወዙ በተቀነሰ ሳምንት "ይገባሃል! ዛሬ ውሰድ፣ በኋላ ክፈል" እያለ ስልኩ ላይ የተደቀነበት ማነው? የሰው ሆድ ሲባባ ገበያ ደራ የሚሉ ሰዎች አሉ። ፈርቶ ያደረን ሰው ገና ዓይኑን ሳይገልጥ ይጠብቁታል። ክፍያው አንድ ቀን ሲዘገይ ቅጣት ይቆልሉበታል። ሲያቅተው ደግሞ ዞር ብለው "ገንዘብ አያያዝ አያውቅበትም" ይሉታል። ነውር ነው! ሌላ ስም የለውም።

እሺ፣ ወደ ውዳሴዬ። "ዕቃ አብዝታችኋል፣ ጣሉ፣ ቀለል በሉ" የሚለውን መካሪም ሳላመሰግን አላልፍም። ምክሩን በኮርስ ይሸጣል። የሚጣለው ዕቃ የሚገባበት ሳጥን ለብቻው ይከፈልበታል። ሦስት መጠን አለው።

ወንበሩስ? "ምን የተለየ ነገር አለው?" ብዬ ጠየቅኩት።

"ተቀምጠህ ምንም አታስብበትም።"

"ቤትህ ያለው ወንበርስ?"

"እሱ ላይ ስቀመጥ አስባለሁ።"

ምን ላድርግ፣ ሰጠሁት። "እስክከፍልህ መያዣ ይሁንህ" ብሎ ሰዓቱን ፈትቶ ክንዴ ላይ አሰረልኝ። ይህን ስጽፍ ሁለት ጊዜ ነዝሮኛል።